ከገባር እስከ ዜጋ፦ በቡናው ምድር የአንድ ቃል ታሪክ

ቃላትም እንደ ሰው ዕድል አላቸው። አንዳንዱ ቃል ከድኻ ጎጆ ተወልዶ ሸንጎ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በቤተ መንግሥት አድጎ በስተርጅናው የመንደር ስድብ ይሆናል። «ዜጋ» የሚለው ቃል ከፊተኛው ወገን ነው። ዛሬ በአዋጅ መግቢያ፣ በፓስፖርት ገጽና በተማሪ መጽሐፍ ላይ በክብር የሚጠራው ይህ ቃል ጥንት እንዲህ ያለ ማዕረግ አልነበረውም። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን መርምረው እንዳሳዩት፣ በዚያ ዘመን ዜጋ የሚባለው የራሱ መሬት የሌለው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያርስ፣ ለመሬቱ ጌታ በጉልበቱ የሚያድር ሰው ነበር። በአጭሩ፣ ዜጋ ጌታ ያለው እንጂ ሀገር ያለው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይህ ቃል ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ ካለበት እንዴት ደረሰ? በመንገዱስ ላይ እነማንን ይዞ፣ እነማንን ጥሎ መጣ? ይህ ጥያቄ ለእኔ የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የምኖረውና እንጀራዬን የምበላው በሚዛን ተፈሪ ነው። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ስም እጽፋለሁ፣ ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ቤት የሚመታ ነገር ከተገኘ ስንኝ እቋጥራለሁ። የቃሉን ጉዞ በዚህ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ላይ መከተል የፈለግሁት፣ የመልካም ዜጋ ኃላፊነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ይህ አፈር አጥርቶ የሚናገር ስለመሰለኝ ነው።

የእኔ ትውልድ በትምህርት ቤት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የሚባል ትምህርት ተምሯል። ዐሥራ አንዱን ዕሴቶች በቃላችን እናውቃቸው ነበር፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ የሀገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ… እያልን በጣታችን እንቆጥር ነበር። መምህሩ የመልካም ዜጋ ግዴታዎችን ዘርዝሩ ሲለን መልሱ ዝግጁ ነው፦ ግብሩን የሚከፍል፣ ሕግ የሚያከብር፣ ሥራ የሚወድ፣ ሀገሩን የሚጠብቅ። ዝርዝሩ መጥፎ አይደለም። ዳሩ ግን ወደዚህ ምድር ታሪክ አምጥተን ስናስተያየው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገለጣል። በዚያ ዝርዝር ቢመዘን ከሁሉ የበለጠው ዜጋ፣ ዜጋ ሆኖ የማያውቀው ሰው ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የካፋ መንግሥት በጥልቅ ቦዮችና በዛፍ አጥሮች የተከበበ፣ የራሱ ነገሥታትና የራሱ ሥርዓት የነበረው ጥንታዊ መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ዘመተበት። ወራት ከፈጀ ጦርነት በኋላ የመጨረሻው ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ ተማረኩ። ወደ ሸዋም ተወሰዱ፤ ሀገራቸውን ዳግም ሳያዩ በግዞት እንዳሉ ሞቱ። በዚያው ዘመን ከካፋ ወዲያ ያሉት ቤንች፣ ሸኮና ሌሎችም ሕዝቦች፣ በጊዜው አጠራር ባንድነት «ጊሚራ» ይባሉ የነበሩት፣ በአዲስ አበባ መንግሥት ሥር ገቡ።

ከዘመቻው በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት ነበር። መንግሥት ለወታደሩና ለሹሙ የሚከፍለው የገንዘብ ደመወዝ ስላልነበረው በገንዘብ ፈንታ ሰው ይከፍል ነበር። ለእያንዳንዱ እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ይታደለዋል፤ የበላዩ ብዙ ቤተሰብ፣ የበታቹ ጥቂት ቤተሰብ ይደርሰዋል። ገባሩ እህልና ማር ይሰፍራል፤ የጌታውን እርሻ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ቤቱን ይሠራል፤ ጌታው መንገድ ሲወጣ ጭነት ይሸከማል። ሚስቱና ልጆቹም ይፈጫሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ።

እንግዲህ ይህን ሰው በትምህርት ቤት ዝርዝራችን እንመዝነው። ግብሩን ከፍሏል? ከአቅሙ በላይ ከፍሏል። ሕግ አክብሯል? በማያውቀው ቋንቋ የታወጀውን ሳይቀር አክብሯል። ታታሪ ነበር? ከራሱ ማሳ በፊት የሌላውን ማሳ ያርስ ነበር። ሀገር ጠብቋል? የሚጠብቀውን ሠራዊት በጫንቃው ተሸክሞ መግቧል። ከዝርዝሩ አንዳች አልጎደለበትም። ነገር ግን ዳኛ ፊት ቃሉ ከጌታው ቃል ጋር አልተካከለም፤ መሬቴ የሚለው መሬት ስሙን አላወቀውም፤ በሀገሩ ጉዳይ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ግዴታ ብቻውን ሰውን ዜጋ አያደርገውም። ግዴታን እስከ ጥግ እየተወጣ ባዕድ ሆኖ የኖረ ሕዝብ በዚህች ምድር ነበርና።

ይህ የደቡቡ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻንና የባላገሩን ነገር ያስታውሳል፤ አበጀ በለው ገበሬውን ይዞ የተነሣውም በደቡብ ሳይሆን በጎጃም ምድር ላይ ነው። ሆኖም በሰሜን ገበሬው ቢበደልም ብዙ ጊዜ የእኔ የሚለው ርስትና ከጌታው ጋር የሚጋራው ቋንቋ ነበረው። በደቡብ ምዕራብ ግን ገባርነት ከቋንቋና ከዘር ልዩነት ጋር ተቆላልፎ ስለመጣ ክርኑ የበረታ ነበር። ከገባርነትም የከፋ ሌላ ጉድ ነበር፤ እርሱም የባሪያ ንግድ ነው።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር እናስቀድም። ባርነት ከምኒልክ ጦር ጋር የመጣ አይደለም። የካፋ ነገሥታትም ባሪያ ያሳድሩና ይሸጡ ነበር፤ በጅማ በኩል የሚያልፈው የንግድ መንገድም ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። ከመስፋፋቱ በኋላ ግን ነፍጡ በዛ፣ ዘረፋውም በዛ። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ጊሚራ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ከቀዬው ተነድቷል። በማጂ በኩል የነበሩት እንግሊዛውያን፣ ሄንሪ ዳርሊና ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰን፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው መጻሕፍት ያዩትን ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች የቅኝ ገዢ መንግሥት ልጆች ነበሩና የሚጽፉትን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ምስክሩ የራሱ ጥቅም አለው ተብሎ ግን የተበደለው ሰው አልተበደለም አይባልም።

እዚህ ላይ በቡና አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ከእኛ አካባቢ ጫካ የቡና ዘር ተለቅሞ ከሀገር ወጣ። ጌሻ በሚለው ያገሩ ስም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተላከ፤ ከታንዛንያ ተነሥቶም በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታሪካ ደረሰ። በዚያም ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ሰፈረ። ከዓመታት በኋላ ወደ ፓናማ ተሻገረ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያች ሀገር የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለምን አስገረመ። ልብ ይበሉ፤ ያ ዘር ከዚህ ጫካ ስም ይዞ ሲወጣ፣ ከዚያው ጫካ ሥር የተወለደው ሰው ገና በገበያ ሊሸጥ የሚችልበት ዘመን ነበር። ቡናው ከባለ ቡናው ቀድሞ ተቆጠረ።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ሕጉ በእርግጥ ይራመድ ነበር፤ እርምጃው ግን የኤሊ ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ ከሌሎች ጥያቄዎች ይልቅ በማኅበሩ ዘንድ ያከራከረውም ይኸው የባርነት ነገር ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ደንብ ታወጀ። በዚያው በ1916 ዓ.ም. ደግሞ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ታተመ። ደራሲው መጽሐፋቸው ታትሞ ሳያዩ በ1911 ዓ.ም. አርፈዋል። የጉምሩክ ሹም የነበሩት እኚህ ሰው የሀገር ሀብት ከሕዝብ ድካምና ዕውቀት እንደሚገኝ ያስተማሩ ናቸው። እንደ እኔ ሒሳብ ሲያሰላ ለሚውል ሰው የእርሳቸው ነገር የተለየ ትርጉም አለው፤ ከገቢና ወጪ ቁጥር ጀርባ ሰው እንዳለ ያዩ ነበሩና።

በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ወጣ። ከአባት ወይም ከእናት ኢትዮጵያዊ የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው አለ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተሰጠ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከ1922 እስከ 1934 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድ የጊሚራ ልጅ በአንዱ ሕግ ኢትዮጵያዊ፣ በሌላው ሕግ የሰው ንብረት ሊሆን ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ212 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሥ ካራካላ በግዛቱ ያለውን ነፃ ሰው ሁሉ የሮም ዜጋ ነው ብሎ ሲያውጅ ባሮች በአዋጁ አልተጠሩም። ያውም የዘመኑ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ እንደሚለው፣ ንጉሡ ዜጋ ያበዛው ግብር ለማብዛት ነበር። ዜጋ ተብሎ መጠራትና ዜጋ ሆኖ መቆጠር ለየቅል መሆናቸው የቆየ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ እየሰፋ መጣ። በጠላት ወረራ ማግሥት በወጡት የግብር ሕጎች የገባር አገልግሎት ተሻረ፤ ጭሰኝነት ግን ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኛና ባለ መሬት የሚባል ነገር በሕግ ቀረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ኋላ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። ዘመኑ በሌላ በኩል የደም ዘመን እንደነበር ማንም አይስተውም፤ ቢሆንም ለአንድ የገጠር ሽማግሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስሙን ጽፎ ማየት ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ ከለከለ፤ በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ ሕዝብ ተሰልፎ ድምፅ ሰጠ፤ በኅዳር 14 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። የገባሩ የልጅ ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ ተጠየቀ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ታሪክ ነበር። ነገር ግን ከላይ ከመንግሥት በኩል የሰፋው ቃል፣ ከታች በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ምን ያህል ሰፍቷል? ይህን የሚመልስ አዋጅ የለም፤ የሚመልሰው ስኒ ነው።

በካፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ጥንት በአደን፣ በማርና በእንጨት ይኖሩ ነበር፤ በካፋ መንግሥት ዘመን የድንበሩን በር ይጠብቁ የነበሩትም እነርሱ ናቸው። በር ጠባቂ ሆነው ሳሉ ግን በሌላው ሰው በር መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። የሚበሉት የአውሬ ሥጋ ምክንያት ሆኖ ርኩስ ናችሁ ተባሉ፤ ከአንድ ገበታ አለመብላት፣ ከአንድ ስኒ አለመጠጣት፣ አለመጋባት ወግ ሆኖ ጸና። ወጉ በብዙ ሥፍራ ላልቷል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ እምነቱና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ብዙ አጥር አፍርሰዋል። ፈጽሞ ጠፍቷል የሚል ግን ከእኛ መካከል እውነተኛ ሰው አይገኝም።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ይህን አስቡት። ቡና ለዓለም ሰጠን ብለን የምንኮራው እኛ ነን። ቡና ማለት በእኛ ዘንድ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚጠራበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ትንሽ ሸንጎ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ እስኪያልቅ የመንደሩ ጉዳይ ይመከራል። ከዚያ ስኒ የተከለከለ ሰው የተከለከለው ቡና አይደለም፤ ምክር ነው፣ ዕርቅ ነው፣ መቆጠር ነው። ገባሩ በዳኛ ፊት ያጣውን ማንጆው በረከቦት ፊት አጣው። ያኛውን የከለከለው ሹም ነበር፤ ይኸኛውን የከለከለው ደግሞ ራሱ የገባሩ ልጅ ነው።

በደል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል የምለው ለዚህ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች የተራቡ አገሮች ብዙ ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንጀራ ፍለጋ በራሱ እግር የመጣ አለ። ልጅ ወልዷል፣ ቡና ተክሏል፣ ቀብሯል፣ ተቀብሯል። ይሁንና ነገር ሲከፋ «መጤ» ይባላል። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ ብዙ ገበሬዎች ተፈናቀሉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በዚያው ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገደሉ። በ1994 ዓ.ም. በቴፒና በየኪ ወረዳ፣ በአስተዳደር ጥያቄ የተነሣ ግጭት የብዙ ሸኮና መዠንገር ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ተበዳዩ ይለዋወጣል፤ በዳዩም ይለዋወጣል፤ የማይለወጠው ከመግደል በፊት የሚነገረው ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ ሰው ከእኛ አይቆጠርም።»

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር አስተምሮኛል። የዜጋ የመጀመሪያ ኃላፊነት ግብር መክፈል አይደለም፤ ግብርን ገባሩም ከፍሏል። መታዘዝም አይደለም፤ ባሪያውም ታዟል። የዜጋ የመጀመሪያ ኃላፊነት ጎረቤቱም ዜጋ ሆኖ እንዲቆጠር መቆም ነው። የቀሩት ግዴታዎች ሁሉ ከዚህ ሲቀዱ ክብር አላቸው፤ ከዚህ ሲነጠሉ ግን የገባር ሸክም ይሆናሉ። ግብሬን የምከፍለው ጎረቤቴ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ እንዲሠራ ከሆነ፣ እንደ ሠራም የምጠይቅ ከሆነ፣ ያ የዜጋ ግብር ነው። ወዴት እንደሄደ ሳልጠይቅ የምሰፍረው ግን ከአያቴ ማር በምን ይለያል?

አንዳንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ ምን አቅም አለን?» ይላል። መንግሥት ድርሻው ትልቅ ነው፤ አዋጅ የማይደርስበት ሥፍራ ግን አለ። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሻረው ሕግ «ባሪያ» የሚለውን ስድብ ከአፋችን ሊያወጣ አልቻለም፤ ዛሬም በንዴት ጊዜ ከአንዳንድ አፍ ይወጣል። አንቀጽ 25 ከማንም ቤት ገብቶ ስኒ ሊያቀርብ አይችልም። ያን የሚችለው የቤቱ ባለቤት ነው። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ «ኑ፣ ግቡ» የሚለው ግን ጎረቤት ነው።

ለዚህ የሚሆን መሠረት ደግሞ በገዛ አፈራችን አለ። በሸካ የጫካውን ክልል ቤተሰብ ለቤተሰብ ተከፋፍሎ የሚጠብቅበት ኮቦ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ባለ ኮቦው ቀፎውን ይሰቅላል፣ ዛፉን ግን እንደፈለገ አይጥልም። አንዳንዱ ሥፍራ ደግሞ የተቀደሰ ነውና ምሳር አይገባበትም፤ ጌፒ ታቶ የሚባሉት የሥርዓቱ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል። ያለ ደመወዝና ያለ ፖሊስ የተጠበቀው ያ ደን ነው በ2004 ዓ.ም. የሸካ ባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብሎ በዩኔስኮ የተመዘገበው፤ የካፋው ሁለት ዓመት ቀድሞት ነበር። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። የሸካ ሽማግሌ ግን ይህን ግዴታ አንቀጹ ሳይጻፍ በፊት ተወጥቶታል። ላልተወለደ ልጅ ዛፍ ማቆየት ማለት ያልተወለደውን ሰው አሁኑኑ ከራስ ጋር መቁጠር ነው። ላልተወለደው ይህን ያህል የሚያስብ ሕዝብ ከአጥር ወዲያ ላለው ጎረቤቱ ማሰብ እንዴት ያቅተዋል?

በሥራዬ አንድ የምወደው ነገር አለ። የቡና ወቅት ሲደርስ በመስኮቱ ፊት ሰልፉ ይረዝማል። አቅራቢው ነጋዴ፣ እሸት ቡና ሸጦ የመጣው ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከጫካ ማር ያወረደው፣ ነባሩም ሰፋሪውም በተራው ይቆማል። የሁሉም ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጻፋል፤ የሂሳብ ቁጥሩ ግን ዘር አይቆጥርም፣ ሃይማኖት አይጠይቅም። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክቶ ያትማል፤ የጣት አሻራ ደግሞ ባላባትና ገባር አያውቅም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ዜግነት የሚባለው ነገር በትንሹ ይታየኛል። ሥራው የሚቀረው ከባንኩ ደጅ ወዲያ ነው፤ በሰልፍ የተካከሉት ሰዎች በረከቦቱ ዙሪያም እንዲካከሉ።

ስለዚህ የመልካም ዜጋን ኃላፊነት ዘርዝር ብባል የምዘረዝረው የትምህርት ቤቱን አይደለም። ማንም ያልጠራውን ጎረቤት ቡና መጥራት፤ በሸንጎ ፊት አጥቂው የገዛ ወገን ቢሆንም ለተጠቃው መመስከር፤ «መጤ» የሚል ቃል ሲነገር ዝም ብሎ አለማለፍ፤ የአያቶቻችንን በደል መሸፈኛ ሳይሆን ማስተማሪያ፣ የአያቶቻችንን መበደል ደግሞ የበቀል ደረሰኝ ሳይሆን የርኅራኄ ትምህርት ማድረግ። እነዚህ ቀላል አይደሉም። ግብር በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ እነዚህ ግን በየቀኑ የሚከፈሉ ናቸው፣ ደረሰኝም የላቸውም።

የምኖርባት ከተማ ስሟ «ሚዛን» ብሎ ይጀምራል። በዚህ ስም ሰበብ የቋጠርኋትን አራት ስንኝ ላስቀምጥና ላብቃ፦

ቡናው የእኛ ካልን፣ ስኒው የማን ሊሆን፣
ከአንድ ጫካ ለቅመን፣ ተለያይተን ብንሆን?
ሲመዘን ሀገሩ፣ ሲቆጠር ዘመኑ፣
ጎረቤት ካልገባ፣ ባዶ ነው ሚዛኑ።

ዜጋ የሚለው ቃል ከጌታ ደጅ ተነሥቶ እስከ አዋጅ ድረስ ተጉዟል። የቀረው መንገድ አጭር ነው፤ ከእኛ በር እስከ ጎረቤት በር ነው። ያን መንገድ ግን የሚሄድልን ሌላ የለም።

ቸር ይግጠመን።